የአያ ልየው ሦስተኛ ጥያቄ

አያ ልየው ማረፉን የሰማሁት ሱቄ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ነው። የነገረኝ ሰው ከአምበር በኩል የመጣ ገበሬ ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ ገባ፣ ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈና ቆመ። ምን ሊገዛ እንደመጣ ገና አልተናገረም። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ከያዝኩት ሥራ ቀና ሳልል «ለምን ቦታ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ ሲዘገይብኝ ቀና አልኩ። ሰውየው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«መጀመሪያ እንደሱ ብላ ነው የምትጠይቅህ ብሎኝ ነበር» አለኝ።

ማን እንዳለው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያችን ጥያቄ ያስተማረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። «መቼ?» አልኩት። ባለፈው እሑድ እንደቀበሩት ነገረኝ። ወንበር ሰጠሁት፣ እኔም ተቀመጥኩ። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ሻጭና ገዢ መሆናችንን ረሳነው።

ሱቄ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ናት፤ የምሸጠው የቧንቧ ዕቃ ነው። ባለቤቴ ሲሞት ከነዕቃዋ በእጄ ላይ ወደቀች። ያኔ ስለ ቧንቧ የማውቀው ነገር ውሃ እንደሚያወርድ ብቻ ነበር። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ሽጪውና ሌላ ነገር ጀምሪ፤ ይኼ የወንድ ሥራ ነው» ይለኛል። አያ ልየው የባለቤቴ ደንበኛ ነበርና ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሰው ሲበተን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋና ሁለት ጣቶቹን ዘረጋልኝ።

«ጨብጪኝ» አለ።

ግራ ገብቶኝ ጨበጥኩት። «ጠበቅ አድርጊ እንጂ፤ ይኼማ የለቅሶ አጨባበጥ ነው» አለኝ። ተናድጄ ይሁን አዝኜ አላውቅም፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ጨመቅሁት። ጣቶቹን እያፍተለተለ ራሱን ነቀነቀ። ይኼ እጅ ሱቅ መክፈትም መዝጋትም ይችላል፤ አትሽጪው ብሎኝ ወጣ። አልሸጥኩትም።

ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ረጅም፣ አንገቱ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሲሄድ መሬት ላይ የወደቀ ብሎን የሚፈልግ የሚመስል ሰው። ልጅ ሆኖ የቆሎ ተማሪ ነበር። ለምን እንደተወው ስጠይቀው «ድምፄ ጥሩ አልነበረም» ብሎ ያልፈዋል። ውሸቱን ነው፤ ድምፁ ያምር ነበር። ሌላ ዕቃ በሚታሰርበት የቧንቧ ጥርስ ላይ ውሃ እንዳያሳልፍ ቃጫ ሲጠመጥም ሁልጊዜ አንዲት ዜማ ያዜማል። ዜማዋ ስታልቅ ጥምጠማውም ያልቃል፤ ረዝሞም አጥሮም አያውቅም። መሃል ላይ ወሬ የጀመረበት ሰው ካለ ግን ጉዱ ፈላ። ቃጫውን በሙሉ ይፈታና ጥምጠማውንም ዜማውንም ከራሱ ይጀምራል። እኔም እስከ ዛሬ ቃጫ ስጠመጥም ያችን ዜማ በሆዴ እላታለሁ፤ ቃሏን በቅጡ ባላውቀውም።

ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሥራ ያለው ሰው እዚያው መጥቶ ይወስደዋል። እስኪወስደው ድረስ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ገዢ ገብቶ «የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ስጪኝ» ሲለኝ፣ እጄ መደርደሪያው ላይ ሳይደርስ ድምፁ ከውጭ ይመጣል፦ «ለምን ቦታ ነው?» ገዢው ዞሮ ቦታውን ሲነግረው ሁለተኛው ይከተላል፦ «ማነው የሚዘጋው?» የሚዘጋው ሰው እዚያው ካለ ደግሞ ሁለት ጣቱን ይዘረጋል። ሰውን ጣቱን አስጨብጦ ነበር ቫልቭ የሚመርጥለት።

ሥራውን ያስተማረኝም እንደዚሁ እየቀለደ ነው። ሦስት ዓይነት ቫልቭ ባንኮኒው ላይ ደርድሮ፣ ይኼ ባለ ክብ እጀታው ጌት ቫልቭ ሽማግሌ ነው ይለኛል፤ ውስጡ ያለችው ሰሌዳ ቀስ እያለች ነው የምትወርድ፣ እሺም እንቢም ለማለት ጊዜ ይፈልጋል። ይኼ ባለ ማንሻው ቦል ቫልቭ ጎረምሳ ነው፤ ውስጡ የተበሳ ኳስ አለ፣ ሩብ ዙር ስታዞሪው ጥርቅም ይላል፣ ሲዘጋም ሲከፍትም አያስብም። ይኼ እጀታ የሌለው ቼክ ቫልቭ ደግሞ ልጁን የዳረ አባት ነው፤ ውሃው ወደ ፊት ሲሄድ መርቆ ያሳልፈዋል፣ ልመለስ ሲል በር አይከፍትለትም። ሌሎችም ነበሩ፤ ለሁሉም ዘመድ ያገኝላቸው ነበር።

ትሑት ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ኩራቱ ከቁመቱ ይበልጣል። «ተሳስቼ አላውቅም» ይል ነበር፣ ሳይቀልድ። ምክሩን ያልሰማ ገዢ ሲወጣ ሰላምታ እንኳ አይመልስለትም። አንድ ባለ ሆቴል መጥቶ የሚያብረቀርቁትን ባለ ማንሻዎች ለዋናው መስመር ሁሉ ይፈልጋል። አያ ልየው፣ ከፓምፑ የሚመጣው ውሃ ኃይለኛ ነው፣ በድንገት ሲዘጋበት ቧንቧውን ይመታዋል፣ ለዚያ ቦታ ሽማግሌው ነው የሚሆነው ቢለው ሰውየው ሳቀበት። እያየሁት ከሌላ ሱቅ ገዛ። ወር ሳይሞላ ሆቴሉ ግድግዳ ውስጥ የሚያንኳኳ ነገር አለ ተባለ፤ እንግዳ ሁሉ ሸሸ። ባለ ሆቴሉ ጠበል አስመጥቶ ግድግዳውን አስረጨው። ያን ወሬ የሰማ ቀን አያ ልየው አግዳሚዋ ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በኋላ ሄዶ ሠራለት፤ ግን ጠበሉ ነው ያስተወው ብሎ ለሰው ሁሉ እንዲናገር አስምሎት ነው።

እኔ እናደድበት ነበር። ገበያዬን ልትዘጋብኝ ነው፣ ምን አገባህ፣ የጠየቁኝን ልስጣቸው እለዋለሁ። «የሚመለስ ደንበኛ ይሻልሻል የሚመለስ ዕቃ?» ይለኛል። ቡና እልክለታለሁ።

ከሱቄ ጀርባ ጣቶቻቸው የተጨማደዱ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩኝ። በራቸው ላይ ያለው የቧንቧ ክብ እጀታ አልዞር እያላቸው ጎረቤት ይጠራሉ። አያ ልየው አንድ ቀን ጣቱን አስጨበጣቸው። ለረጅም ጊዜ እንደያዙት ቆየ። ከዚያ ሽማግሌውን ፈትቶ ጎረምሳውን አስገባላቸው። «ቧንቧው ይጮሃል አላልክም?» አልኩት ልይዘው ፈልጌ።

«ይጩህ» አለኝ። «የሳቸው እጅ ከሚጮህ የኔ ቧንቧ ይጩህ።»

እወደው ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያን ቀን ነው የወደድኩት። ለእሱ አልነገርኩትም። እሱም የነገረኝ ነገር የለም። እኔ ባል የሞተብኝ፣ እሱ ሚስት ሳያገባ የቆየ፤ ሰው ማውራቱን አውርቷል። እኛ ግን በየጠዋቱ አግዳሚዋ ላይ መኖሩ ይበቃናል ብለን ይሁን፣ አፍረን ይሁን፣ እንደዚያው ዓመታት አለፉ።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አንድ የበጋ ጠዋት፣ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ሱቄ መጡ። ከአምበር ወረድ ብላ ያለች የአንዲት ገጠር ኪዳነ ምሕረት ሰዎች ናቸው። ቄሱ፣ አባ ምናለ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ገበዝ ነበሩ። የመጡበትን ነገር ሲያስረዱ ድምፃቸው እንደማፈር ይላል። ጠበላቸው ከአለቱ ሥር ሌት ተቀን ትፈሳለች። ቀን ሕሙማን ይጠመቁባታል፤ ማታ ከብት ይረግጣታል፣ ጅብ ይጠጣታል፣ ከመቃብሩ በታች ያለው መንገድ ጭቃ ሆኗል። የተቀደሰ ነገር በኮቴ መረገጥ የለበትም ብሎ ሕዝቡ ተማክሯል። ምንጯን በድንጋይ ገንብተው፣ ከሰርክ ጸሎት በኋላ የምትዘጋ፣ ጠዋት ከኪዳን በኋላ የምትከፈት ሊያደርጓት ፈልገዋል።

አያ ልየው ከአግዳሚዋ ተነሥቶ ገባ። ቦታውን ነገሩት። «ማነው የሚዘጋው?» አለ። አባ ምናለ «እኔ ነኝ» አሉ። እሱም ሁለት ጣቱን ዘረጋላቸው። ቄሱ መስቀል ሊሳለም የፈለገ መስሏቸው መስቀላቸውን አወጡና ጣቶቹ ላይ አኖሩለት። ተሳለመና፣ ሳቁን እንደምንም ውጦ፣ «ይቅርታ አባ፤ እጅዎን ነው» አላቸው። ጨበጡት። ደህና እጅ ነበራቸው፤ የአራሽ እጅ።

ያን ቀን የመረጠውን ቫልቭ ዛሬም አልረሳውም። ጌት ቫልቭ ነው፤ ከባድ፣ ንጹሕ ነሐስ። መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን ሁሉ እያወረደ፣ አንድ በአንድ እየዘጋ፣ በአፉ እየነፋ ፈተሻቸው። ትንሽ ትንፋሽ ያሳለፈውን ሁሉ ወደ ጎን ያደርገዋል። የመጨረሻው ጉንጩ እስኪነፋ ቢነፋው ምንም አላሳለፈም። «ይኼ ለእመቤታችን ይሆናል» አለ።

ሥራውን ሲጨርስ በእልልታ መረቁት። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ስትዘጋ አንዲት ጠብታ አታልፍም፣ አንዲት ጠብታ፣ እያለ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ። ስለ ሌላ ሥራው እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የተወው ቤተ ክርስቲያን የታረቀው ይመስል ነበር።

ክረምቱ ወጣ። መስቀል ሰሞን አባ ምናለ ብቻቸውን መጡ። ጠዋት ሲከፍቷት ውሃዋ ከቀን ወደ ቀን እያነሰች መጣች አሉ፤ አሁን እፍኝ አትሞላም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ግን፣ ቢያድግልኝ በሚባል ገበሬ የገብስ ማሳ ውስጥ፣ ምንም ያልነበረበት ቦታ ረግረግ ሆኗል። አያ ልየው ሲሰማ ከአግዳሚዋ ተነሣ። የመሣሪያ ከረጢቱን አንሥቶ ተከተላቸው።

እዚያ ያገኘውን በኋላ ነው የነገረኝ። ማንም አልወቀሰውም። እንግዳ ተቀባይ ሆነው ውሃ አሙቀው፣ እግሩን አጥበው ተቀበሉት። ሕዝቡ ጠበሏ የሸሸችው በኃጢአታችን ነው ብሎ ምህላ ይዟል። ለምን ቢያድግልኝ ማሳ ውስጥ ወጣች ለሚለውም መልስ አግኝተዋል፤ ቢያድግልኝና ወንድሙ በዚያ ማሳ ድንበር ተጣልተው ነበር። ስለዚህ ጠበሏን ያሳዘናት እሱ ነው ተባለ። የጽዋ ማኅበሩ ተራው ሲደርስ ዘለለው። ልጆቹን የሚያጫውት፣ ቤቱን የሚረግጥ ሰው ጠፋ።

አያ ልየው ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መሃል ቆመ። ኃጢአቱ የማንም አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ ቫልቭ ነው አለ። በየማታው ስትታገድ ውሃዋ ወደ ኋላ እየገፋች፣ በክረምቱ ጉልበት ሌላ መውጫ ፈለገች፣ አገኘችም ብሎ አስረዳ። አባ ምናለ በፍቅር ነው የመለሱለት፤ ያ ነው የባሰበት።

«ልጄ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ በብረት አታሳንሰው» አሉት።

ወደ ማርቆስ ተመልሶ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ። ሰዎች ለሥራ ሲመጡ አልሄድም አለ። የምሸጠውን አላየም፣ ጥያቄም አልጠየቀም። እኔ ብቻዬን «ለምን ቦታ ነው?» ስል የራሴ ድምፅ አስፈራኝ። ወደ ማታ፣ ሱቅ ልዘጋ ስል፣ ተናገረ።

«ታንጉት፣ አንዲት ጥያቄ ቀርታብኝ ነበር።»

«ምን?»

«ሲዘጋ ውሃው የት ይሄዳል?»

እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ታንከር ያለው ውሃ ነው። ታንከር ግድግዳ አለው፤ ብትዘጊበት ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ምንጭ ግን ከኋላው ግድግዳ የለውም፤ መሬቱ ክፍት ነው፤ ካስጨነቅሺው የሄደበት ይሄዳል። ይኼን ሲነግረኝ እጁን እያየ ነበር። «አንዱን የሚያንጠባጥበውን ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ቦታዋ ላይ ነበረች» አለ። ያ ጎበዝ ነሐስ፣ ትንፋሽ የማያሳልፈው፣ ነው ያጠፋው። ከዚያ በኋላ «ተሳስቼ አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አያ ልየው፣ ተወው አልኩት። እኔ እንኳ ይኼን ተረት ለማጽናናት ነበር ያወጣሁት። ቀና ብሎ አየኝ። እዚያ አንድ ሰው በእኔ ቫልቭ ኃጢአተኛ ተብሎ ተቀምጧል፣ ልጆቹ ከማን ጋር ይጫወቱ አለኝ። ውሃዋ ወደ ቦታዋ ካልተመለሰች ሰው የእኔን ወሬ አይሰማም፤ ስለዚህ መመለስ አለባት። ነገሩ ለእሱ እንዲህ አጭር ነበር።

በማግሥቱ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ሊሰናበተኝ መሆኑን ገና ሳየው አውቄ ዕቃ የማስተካክል መሰልኩ።

«ውሃዋ ስትመለስ እመለሳለሁ» አለኝ።

የሄደው ለሳምንታት መስሎኝ ነበር። ዓመታት ሆነ። ቢያድግልኝ ቤት፣ በረቱ አጠገብ ካለች ጎጆ ገባ። የገነባውን ድንጋይ በእጁ አፈረሰው፣ ቫልቩን ነቅሎ ጣለው፣ የምንጯን ዓይን አጸዳ። በበጋ ታች ማሳው ውስጥ ያለውን መውጫ በዋልካ ጭቃና በድንጋይ ይደፍናል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው የደፈነውን ጥሶ ይወጣል። በሚቀጥለው በጋ እንደገና ይጀምራል። ለጉርሱ የየቀበሌውን የእጅ ፓምፕ ይጠግናል። ስልክ ያዝ ቢሉት አልያዝም አለ፤ ማን ጠፋብኝ ይል ነበር አሉ። እኔ ጠፍቼበት ነበር፤ ግን ያንን እንዴት ልላክበት?

አልፎ አልፎ በገበያ ቀን ብቅ ይላል። ጭቃ የነካው ቦት ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው፤ ሱቄን ቤት አስመስሎት። አግዳሚዋ ላይ ይቀመጥና ገዢ ሲመጣ ጆሮውን ያቆማል። እኔም ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሦስቱንም እጠይቃለሁ፤ ለምን ቦታ ነው፣ ማነው የሚዘጋው፣ ሲዘጋ ውሃው የት ይሄዳል። ሦስተኛዋን ስጠይቅ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። አንዴ ግን አላስቻለኝም። እዚህ ስንት ሰው ይፈልግሃል፣ እዚያ ምንጭ ስትጠብቅ ልታረጅ ነው አልኩት። ስንት ሰው ስል ራሴን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል፤ ሲገባው አይቻለሁ። «ቢያድግልኝን ጥዬ እዚህ ብቀመጥ፣ አንቺም አግዳሚሽ ላይ የተቀመጠውን ሰው አትወጂውም» አለኝ። ተነሥቶ ቦት ጫማውን አጠለቀ። በመንገዱ ዳር፣ አንገቱን ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ብሎን የሚፈልግ እየመሰለ ሲሄድ እስኪጠፋኝ አየሁት።

እንደዚያ ሰው ናፍቆኝ አያውቅም። የሞተ ይናፍቃል፤ ያ ሌላ ነው፣ ቁርጡን ያውቁታል። እሱ ግን ግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ በሕይወት፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እያለ ነበር የሚናፍቀኝ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት አግዳሚዋን እወለውላለሁ። ሌላ ሰው ሲቀመጥባት ደስ አይለኝም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከተማው ሁሉ ለሰብሉ ሲያስብ እኔ የማስበው ለዚያ ለደፈነው ጉድጓድ ነበር። ይኼኛው ይያዝለት፣ ይኼኛው ክረምት እንኳ ይያዝለት እያልኩ ተሳልኩ። ጠበሏ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ከዚያ ምእመን ይልቅ ሳልጸልይ አልቀረሁም፤ እኔ ግን የምጸልየው ስለ ጠበሏ አልነበረም።

ይኼን ሁሉ ሳስብ ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስሙን ጠየቅሁት። «ቢያድግልኝ ነኝ» አለኝ።

ደንግጬ አየሁት። በሰማሁት ብዛት ግዙፍ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ነገር ነው። አያ ልየው ታሞ ሰነበተ ወይ አልኩት። ውሃ ውስጥ ሲውል ብርድ መታው፣ ደረቱን ያዘው፣ ጤና ጣቢያ እንውሰድህ ስንለው ቅዳሜ ማርቆስ እሄድ የለ፣ እዚያው እታያለሁ ይል ነበር አለኝ። ሸሚዙን አሳጥቦ፣ ጋቢውን አሳጥቦ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ሊቀሰቅሱት ሲሄዱ አልነቃም።

«ማርቆስ ምን ሊያደርግ ነበር?»

«ዕቃ ሊገዛ ነዋ፣ እትዬ። እኔም የመጣሁት እሱኑ ልገዛለት ነው። አርብ ማታ ደክሞት ስለነበር፣ ምናልባት እኔ ካልቻልኩ አንተ ሂድ ብሎ ነግሮኝ ነበር።» ያጠናውን እንደሚያነበንብ ተማሪ ዓይኑን ጨፈነ። «አንድ ክንድ የብረት ቧንቧ። አንዱ ጫፉ ጥርስ ያለው፣ አንዱ ጫፉ ልሙጥ። ሁለቱም ጫፍ ጥርስ ቢወጣለት ምናለ፣ ኋላ ቢያስፈልግስ ስለው፣ የለም፣ ልሙጥ ይሁን ብሎ ተቆጣኝ። ለምን እንደሆነ እኔ እንጃ።»

እኔ አወቅሁት። ጥርስ ያለው ጫፍ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። ልሙጡ ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል፤ ጥርስ በሌለው ጫፍ ላይ ደግሞ ማንም ሰው፣ ዛሬም ሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ቫልቭ ማሰር አይችልም።

«ጠበሏ መጥታለች ማለት ነው?» አልኩት።

«ኧረ መጥታለች፣ ሳልነግርዎት ቀረሁ? ከመስከረም ጀምሮ። ታች ያለው ደርቋል፣ ዘንድሮ ገብስ እዘራለሁ።» ዓይኑ እንደገና ሞላ። «ማኅበሩም ጽዋውን መልሶልኛል። ወንድሜ እንኳ ዛሬም አያናግረኝም፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። አባ ምናለ ምህላው ነው የመለሳት ብለው ሰበኩ። ልየውን፣ አንተ ለምን አትናገርም ስለው፣ ሳቀና ይሁንላቸው አለ።»

ሳቁ ይታየኛል። ሆቴሉ ጠበል ያስረጨ ቀን የሳቀው ሳቅ ነው።

ተነሣሁ። ቧንቧውን መትሬ ቆረጥኩ። ጥርስ ማውጫውን አጥብቄ አንዱን ጫፍ በዘይት እያራስኩ አዞርኩት፤ ያዞርኩበትን እጅ ያሠለጠነው እሱ ነው። ልሙጡን ጫፍ በሞረድ ሞረድኩት፤ የሚጠመቅ ሰው እጁን እንዳይቆርጠው። ጥርሱ ላይ ቃጫውን ጠመጠምኩ። በሆዴ የማላትን ዜማ ያን ቀን በአፌ አልኳት። ቢያድግልኝ መሃል ላይ ሊያናግረኝ ሲል እጄን አነሣሁ፤ ዝም አለ፣ እንደሚያውቀው ነገር። ዜማዋ ስታልቅ ጥምጠማውም አለቀ።

ቢያድግልኝ ቧንቧውን ሊቀበለኝ ሁለት እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ነጠላዬን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ፣ የመደርደሪያውን መብራት አጠፋሁ፣ አግዳሚዋን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

«የት ሊሄዱ ነው፣ እትዬ?» አለኝ።

«ውሃዋ ስትመለስ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር» አልኩት። «እሱ ካልቻለ እኔ እሄዳለሁ።»

ሱቁን ቆለፍኩ። ቢያድግልኝ ዱላውን አነሣ፤ እኔ ቧንቧውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ወደ መናኸሪያው ወረድን።